ዲቫይሱ ከማሽኑ ጋር ይኑር ወይስ ለብቻው? የቨርቹዋል ማሽን ባክኤንድ አመራረጥ

ጅማ ውስጥ የድሮ ግቢ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ዋናው ቤት ከፊት ነው። ወጥ ቤቱ ከጓሮ፣ ለብቻው ይሠራል። ጭሱ ሳሎን እንዳይገባ ብቻ አይደለም። እሳት ቢነሳ ወጥ ቤቱ ይቃጠል ይሆናል፤ ልጆቹ የተኙበት ቤት ግን ይተርፋል።

የዛሬው ጉዳያችን ሰርቨር ነው፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። የቨርቹዋል ማሽኑን (ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሄደውን ኮምፒውተር፣ በአጭሩ ቪኤም) ዲስክ፣ ኔትወርክና የተጋራ ፎልደር የሚያስተናግደው ሥራ ከዋናው ፕሮሰስ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይሁን? ወይስ ለብቻው ወጥቶ በራሱ ፕሮሰስ ይሂድ?

የምጽፈው አንድ ወይም ሁለት ሰርቨር ይዞ፣ ሊኑክስ ላይ ኬቪኤምና ኪውኢሙ የተባሉትን የቪኤም ማስኬጃ ሶፍትዌሮች ለሚያሄድ ሰው ነው። የቡና ነጋዴ ቢሮ ሊሆን ይችላል፣ ክሊኒክ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ውስጥ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የሚሠራ ተማሪ። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሁሉንም ማውጣት አያስፈልግም። ፍጥነትን ሁለተኛ አድርጉት። መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ይህ ነገር ሲወድቅ ማንን ይዞ ይወድቃል የሚለው ነው።

ከጀርባ ያለው ሠራተኛ

ቪኤሙ ውስጥ ያለው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ (ጌስቱ እንለዋለን፤ የሚያስተናግደው ሰርቨር ደግሞ ሆስቱ ነው) ዲስክ ያለው ይመስለዋል። እውነተኛ ዲስክ ግን የለውም። "ይህን ጻፍልኝ" ሲል ጥያቄውን ተቀብሎ ሰርቨሩ ላይ ባለ ፋይል ውስጥ የሚጽፍለት ሌላ አካል አለ። ባክኤንድ የምንለው እሱን ነው። ለኔትወርክ ካርዱም፣ ለተጋራው ፎልደርም፣ የምስጢር ቁልፎችን ለሚይዘው ለቲፒኤም ቺፑም እንዲሁ የየራሳቸው ባክኤንድ አላቸው።

ኬቪኤም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) አካል ነው። በዋናነት የሚይዘው ሲፒዩውንና ሚሞሪውን ነው። ዲቫይስ የማስመሰሉ ሥራ በአብዛኛው የኪውኢሙ ነው። ኪውኢሙ ደግሞ ለአንድ ቪኤም አንድ ፕሮሰስ ነው። ዲስኩም፣ ዩኤስቢውም፣ ስክሪኑም እዚያው ውስጥ ናቸው። አንዱ ጋ ያለ ስህተት ሁሉንም ይነካል።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ቬኖም የተባለ ክፍተት ይፋ ሆነ። ስህተቱ የተገኘው የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያን በሚያስመስለው ኮድ ውስጥ ነው። ኮዱ ከ2004 ጀምሮ እዚያው ነበር። ፍሎፒ የሚጠቀም ሰው ባይኖርም ኮዱ ንቁ ነበር። ጌስቱ ውስጥ ሙሉ ሥልጣን ያገኘ ሰው ከተመደበው ቦታ አልፎ መጻፍ፣ በዚያም በኩል የኪውኢሙን ፕሮሰስ ራሱን መያዝ ይችል ነበር። ማንም በማይፈልገው ዲቫይስ ምክንያት ቤቱ በሙሉ ተከፈተ ማለት ነው። ዲቫይሶችን የመነጠል ሐሳብ ክብደቱ የሚገባችሁ እዚህ ላይ ነው።

ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር

ብዙዎቻችን ያለነው እዚህ ነው። ምንም ካልነካችሁ ዲስኩ ኪውኢሙ ውስጥ ነው። የሚታይ አንድ ፕሮሰስ፣ የሚነበብ አንድ ሎግ፣ የሚነሳ አንድ አገልግሎት። ስናፕሾት (የቪኤሙን የአንድ ቅጽበት ቅጂ) መውሰድም ሆነ ቪኤሙን ወደ ሌላ ሰርቨር ማዛወር ብዙ ጣጣ የለውም። ሌሊት ስልክ ተደውሎላችሁ ስትነሱ ይህ ቀላልነት ዋጋው ትልቅ ነው። ለመውጣት ግልጽ ምክንያት ከሌላችሁ እዚሁ ቆዩ።

አንድ ነገር ግን ላስታውስ። "አይኦትሬድ" የሚባለውን ቅንብር ያበሩ ሰዎች ዲስኩን የለዩት ይመስላቸዋል። ያገኙት የተለየ ትሬድ (በአንዱ ፕሮሰስ ውስጥ የሚሄድ የሥራ ክር) እንጂ የተለየ ፕሮሰስ አይደለም። ፍጥነት ይጨምራል። ከመውደቅ ግን አያድንም፤ ትሬዱ ሲወድቅ ፕሮሰሱን ይዞት ነው የሚወድቀው።

ወደ ከርነል የወረደው

ቪሆስት-ኔት በ2010 እ.ኤ.አ. ከከርነል 2.6.34 ጋር መጣ። የኔትወርኩን ፓኬት ከኪውኢሙ አውጥቶ ለከርነሉ ሰጠው። ሊብቨርት የተባለውን የቪኤም ማስተዳደሪያ የምትጠቀሙ ከሆነና የቪሆስት-ኔት የከርነል ሞጁል ካለ፣ ለቨርትአይኦ (ለቪኤም ተብሎ ለተሠራው ዓይነት) ኔትወርክ ካርድ ይህንኑ ነው በራሱ የሚመርጥላችሁ። ፈጣን ነው፣ ማዋቀርም አይፈልግም።

ነገር ግን "ከኪውኢሙ ወጥቷል" ማለትና "ተጠብቋል" ማለት አንድ አይደሉም። ወጥ ቤቱን ከሳሎን አውጥቶ ከቤቱ መሠረት ሥር እንደመቅበር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ቪሆስት ውስጥ ከባድ ክፍተት ተገኘ፤ መለያ ቁጥሩ ሲቪኢ-2019-14835 ነው። ቪኤሙ ወደ ሌላ ሰርቨር እየተዛወረ ሳለ ጌስቱ የሆስቱን ከርነል ሚሞሪ ሊያበላሽ ይችል ነበር። ከከርነል በላይ ደግሞ ምንም የለም።

እኔ ግን ለኔትወርክ እሱኑ እመርጣለሁ። ኮዱ ትንሽ ነው፣ ብዙ ዓይን ያየዋል፣ ከከርነሉ ጋርም አብሮ ይታደሳል። ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ ከርነሉን በእርግጥ አድሱ። ሁለት ዓመት ሪስታርት ያልተደረገ ሰርቨር የሚያኮራ ነገር አይደለም።

ቪሆስት-ዩዘር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ገባን። ቪሆስት-ዩዘር በ2014 እ.ኤ.አ. ከኪውኢሙ 2.1 ጋር መጣ። አሠራሩን መረዳት ምርጫውን ግማሽ በግማሽ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

ባክኤንዱ ተራ ፕሮግራም ሆኖ ለብቻው ይነሳል። ከኪውኢሙ ጋር የሚገናኙት በአንድ የዩኒክስ ሶኬት (ሰርቨሩ ውስጥ ሁለት ፕሮግራሞች በሚነጋገሩበት መስመር) ነው። በዚያ ሶኬት ኪውኢሙ የጌስቱን ሚሞሪ ፋይል ዲስክሪፕተር (መክፈቻ ቁልፉን) ያቀብለዋል። መቀስቀሻና መልስ መስጫ የሚሆኑ ሌሎች ዲስክሪፕተሮችንም ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ኪውኢሙ ከመንገዱ ዞር ይላል። ጌስቱ ጥያቄውን በጋራ ሚሞሪው ላይ ያኖራል፣ ኬቪኤም ባክኤንዱን ቀጥታ ይቀሰቅሰዋል፣ ባክኤንዱም ሠርቶ መልሱን ቀጥታ ይመልሳል። ሶኬቱ ለውል ብቻ ነው፤ ዕቃው በሌላ በር ነው የሚያልፈው። ተለይቶም ፈጣን የሆነው ለዚህ ነው።

በዚህ መንገድ የሚሄዱት የታወቁት አራት ናቸው። ለኔትወርክ ዲፒዲኬ (ፓኬት በፍጥነት የሚያስተናግድ የሶፍትዌር ስብስብ) ላይ የተሠሩ ስዊቾች አሉ። ለዲስክ የዚያ አቻ የሆነው ኤስፒዲኬ፣ ወይም ከኪውኢሙ ጋር አብሮ የሚመጣው ኪውኢሙ-ስቶሬጅ-ዲመን አለ። ለተጋራ ፎልደር ደግሞ ቨርትአይኦኤፍኤስዲ። ይህ የመጨረሻው በመጀመሪያ በሲ ቋንቋ ተጽፎ በ2020 ከኪውኢሙ 5.0 ጋር ወጣ። ኋላ በረስት ቋንቋ ተጻፈ፣ የሲው ቅጂም በ2023 ከኪውኢሙ 8.0 ላይ ተነሳ። አሮጌ መመሪያ እያነበባችሁ ፕሮግራሙ ከጠፋባችሁ ምክንያቱ ይህ ነው፤ አሁን በራሱ ፓኬጅ ነው የሚጫነው።

የጌስቱ ሚሞሪ የሚጋራ መሆን አለበት። በሊብቨርት የሚሞሪ ምንጩን ሜምኤፍዲ፣ አጠቃቀሙን ሼርድ ማድረግ ነው። ይህን የረሳ ሰው ባክኤንዱ ለምን እንዳልሠራለት ሲፈልግ ግማሽ ቀኑ ይሄዳል።

ስለ ዲፒዲኬና ኤስፒዲኬ ያለኝን በግልጽ ልናገር። ሁለቱም በተለመደው አሠራራቸው ሥራ መጥቶ እንደሆነ ያለማቋረጥ ይጠይቃሉ። ሥራ ኖረም አልኖረም አንድ የሲፒዩ ኮር ሙሉ በሙሉ ይይዛሉ። ብዙ ኮር ላለው፣ ፈጣን ኤንቪኤምኢ ዲስኮች ለደረደረ ዳታ ሴንተር ይህ ተገቢ ንግድ ነው። እዚህ ግን እናስላው። ግልገል ጊቤ ደጃችን ቢሆንም መብራት መቋረጡ አልቀረልንም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሰርቨሩን የሚይዘው ባትሪ ነው። ሥራ ፈትቶ የሚሽከረከር ኮር ያን ባትሪ ይበላል። ስምንት ኮር ካለው ማሽን ላይ አንዱን ለዘላለም መስጠት ደግሞ ቀላል አይደለም። የቢሮ ዳታቤዝ ይህን ፍጥነት አይጠይቅም። ተዉት።

ቁልፉ ማን ጋ ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባክኤንዱ ለብቻው ስለሆነ ቪኤሙ ከእሱ የተጠበቀ ይመስላል። አይደለም። የጌስቱን ሚሞሪ ሙሉውን አቀብለነዋል እኮ። ወጥ ቤቱ ጓሮ ቢሆንም፣ የቤቱ ክፍሎች ቁልፍ በሙሉ ወጥ ሠሪዋ ወገብ ላይ ነው።

ስለዚህ ቪሆስት-ዩዘር የሚከላከለው በአንድ አቅጣጫ ነው። ጌስቱ ባክኤንዱን ሰብሮ ቢገባ፣ ኪውኢሙ ውስጥ ወይም ሌላ ቪኤም ውስጥ ሳይሆን አንድ ጠባብ ፕሮሰስ ውስጥ ነው የሚገኘው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባክኤንዱ ራሱ ክፉ ከሆነ ግን ያን ቪኤም የሚያድነው የለም።

ያ ጠባብ ፕሮሰስም በእርግጥ ጠባብ መሆን አለበት። ሲቪኢ-2020-35517ን እንይ። ክፍተቱ የተገኘው ቨርትአይኦኤፍኤስዲ ውስጥ ነው። ጌስቱ የተጋራው ፎልደር ውስጥ የዲቫይስ ፋይል ፈጥሮ በዚያ በኩል የሆስቱን ዲስክ መንካት ይችል ነበር። ፕሮሰሱ ተለይቷል፤ ሥልጣኑ ግን አልተለየም። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆኖ የሚሄድ ባክኤንድ ስሙ ብቻ ነው የተለየው። ለእያንዳንዱ ባክኤንድ የራሱን ተጠቃሚ ስጡት። የሚያየውን ፎልደር ወስኑ። ለከርነሉ የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች (ሲስተም ኮሎች) ሴክኮምፕ በተባለው የከርነሉ ማጣሪያ አጥሩ። ቨርትአይኦኤፍኤስዲ የራሱ ሳንድቦክስ (መከለያ አጥር) አለው፤ አታጥፉት። ይህን ለመሥራት ጊዜ ከሌላችሁ፣ መለየቱ ራሱ ብዙም አይጠቅማችሁም።

ሲወድቅ ምን ይሆናል

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የቡና ወቅት ነበር፤ ቢሮው ቀንም ሌሊትም የሚሠራበት ጊዜ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ኮምፒውተሩ አልጠፋም፤ ግን ምንም አይከፍትልኝም" አሉኝ። ገብቼ ሳይ ቪኤሙ እየሄደ ነው፣ ኔትወርኩም ይሠራል። የተጋራውን ፎልደር የነካ ፕሮግራም ሁሉ ግን ደርቆ ቀርቷል። ሆስቱ ላይ ራም አልቆ ከርነሉ አንድ ፕሮሰስ ገድሎ ነበር። የገደለውም ቨርትአይኦኤፍኤስዲን ነው።

ለምን እሱን? ይህን ማወቅ ጠቃሚ ነው። ከርነሉ የሚገድለውን ሲመርጥ በፕሮሰሱ ስም ያለውን ሚሞሪ ይቆጥራል። ባክኤንዱ የጌስቱን የጋራ ሚሞሪ ሲነካ፣ የነካው ገጽ በእሱም ስም ይቆጠራል። ስለዚህ ትንሽ ፕሮግራም በመዝገብ ላይ ግዙፍ ይመስላል። ቢገደል ግን ያ ሚሞሪ አይለቀቅም፤ ኪውኢሙ ይዞታል። ያለ ጥቅም ሞተ ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለባክኤንዶቼ ሲስተምዲ (የሊኑክሱ አገልግሎት አስተዳዳሪ) ላይ የኦኦኤም ነጥባቸውን (ራም ሲያልቅ ለመገደል የሚመረጡበትን) ዝቅ አድርጌ ነው የማስነሳው። እናንተም አድርጉት።

ሞቶ መነሳቱ ደግሞ እንደ ዲቫይሱ ዓይነት ይለያያል። ምርጫችሁ ከምንም በላይ በዚህ ላይ ይቁም።

ኔትወርክ ቀላሉ ነው። ባክኤንዱ ሲሞት ጥቂት ፓኬት ይጠፋል፣ ተመልሶ ሲገናኝ ቲሲፒ ራሱ የጎደለውን ደግሞ ይልካል። ተጠቃሚው "ኔቱ ትንሽ ያዝ አደረገኝ" ይላል፣ በቃ።

ዲስክ መካከለኛ ነው። ባክኤንዱ ሲሞት በመንገድ ላይ ያሉ ጥያቄዎች አሉ፤ የትኛው እንዳለቀ፣ የትኛው እንዳላለቀ መታወቅ አለበት። ለዚህ ቪሆስት-ዩዘር በመንገድ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች የሚመዘግብ የጋራ ሚሞሪ አለው። ባክኤንዱ ይህን የሚደግፍ ከሆነና ሪኮኔክት (መልሶ የመገናኘት ቅንብር) ከበራ፣ አዲሱ ፕሮሰስ መዝገቡን አይቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ጌስቱ ዲስኩ ለአፍታ የዘገየ ብቻ ይመስለዋል። ባክኤንዱ የማይደግፍ ከሆነ ግን ዲስክን አውጥቶ መለየት ቅዠት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት አረጋግጡ።

የተጋራ ፎልደር ከባዱ ነው። ቨርትአይኦኤፍኤስዲ ጌስቱ የከፈተውን ፋይል ሁሉ በራሱ ሚሞሪ ይዞ ይቆያል። ሲሞት ያ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አዲስ ፕሮሰስ ቢነሳ ጌስቱ "ያን ፋይል" ሲለው የቱን እንደሆነ አያውቅም። እኔም ያን ቀን ቪኤሙን ሪስታርት ከማድረግ ሌላ መላ አላገኘሁም።

መብራት መጥፋትን ከዚህ ጋር አታምታቱ። ባክኤንድ ሲሞት ወደ ከርነሉ ካሽ የደረሰው ዳታ አይጠፋም፤ ከርነሉ ኋላ ይጽፈዋል። ሰርቨሩ በሙሉ ሲጠፋ ግን ካሹም አብሮ ይጠፋል። ያኔ የሚተርፈው ጌስቱ ፍለሽ ብሎ ያስጻፈው ብቻ ነው። ፕሮሰስ መለየት መብራት ለመጥፋቱ መድኃኒት አይደለም። ለእሱ ባትሪና ትክክለኛ የካሽ ቅንብር ናቸው የሚያስፈልጉት።

ቪኤፍአይኦ-ዩዘር

ቪሆስት-ዩዘር የሚያውቀው የቨርትአይኦ ዲቫይሶችን ብቻ ነው። ቪኤፍአይኦ-ዩዘር ግን ማንኛውንም የፒሲአይ ዲቫይስ (ማሽኑ ላይ የሚሰካ ካርድ ዓይነት) በሌላ ፕሮሰስ ማስመሰል ያስችላል። ለምሳሌ ኤስፒዲኬ ሙሉ የኤንቪኤምኢ ዲስክ መስሎ ሊቀርብ ይችላል። ዊንዶውሱ የራሱን የኤንቪኤምኢ ድራይቨር ይጠቀማል፤ የቨርትአይኦ ድራይቨር መጫን የለም።

ከዚህ በፊት ባለብዙ ፕሮሰስ ኪውኢሙ የሚባል ሙከራ ነበር፤ በ2021 ከ6.0 ጋር ገብቷል፣ ዲቫይሱን በሌላ የኪውኢሙ ፕሮሰስ ውስጥ ያሄድ ነበር። ቪኤፍአይኦ-ዩዘር የዚያን ሐሳብ በተሻለ ፕሮቶኮል የሚቀጥል ነው። በኪውኢሙ ውስጥ የሰርቨሩ ወገን (ዲቫይሱን የሚያስመስለው) በ7.1፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ገባ። የደንበኛው ወገን (ቪኤሙን የሚያሄደው) ግን የገባው በ10.1፣ በ2025 ነው። ገና ትኩስ ነው ማለት ነው።

በጣም የምወድለት ነገር አንድ ነው። ሚሞሪውን ሳያጋሩ መሥራት ይቻላል። ባክኤንዱ የሚፈልገውን ዳታ በመልእክት ይጠይቃል፣ ኪውኢሙ ያቀብለዋል። ቁልፉ ቤት ይቀራል፤ ወጥ ሠሪዋ የምትፈልገውን በበሩ ትጠይቃለች። በእርግጥ ይዘገያል። የሬጅስተር (የዲቫይሱ መቆጣጠሪያ ቦታ) ንባቡም ሆነ ጽሕፈቱ በሶኬት ሄዶ ስለሚመለስ፣ ሬጅስተር የሚያበዛ አሮጌ ዲቫይስ በዚህ መንገድ ይንቀራፈፋል። ለላብራቶሪና ለምርምር እሰየው። ደመወዝ የሚከፈልበትን ማሽን ግን ዛሬ አላስቀምጥበትም።

ስለ ቀሩት ብዙ አልልም። ቪዲፒኤ (የቨርትአይኦን ዳታ ካርዱ ራሱ የሚያስተናግድበት መንገድ) ጥሩ ነው፤ ግን የሚደግፍ የኔትወርክ ካርድ ይፈልጋል፣ ውድ ነው። ቪዱዝ ያለ ካርድ በሶፍትዌር ያንኑ በር ይጠቀማል፤ ኮንቴይነርና ቪኤም አንድ ባክኤንድ እንዲጋሩ ከፈለጋችሁ ተመልከቱት። ዜን የተባለውን ሌላ የቪኤም ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው ደግሞ ባክኤንዱን በሌላ ቪኤም ውስጥ ማኖር ይችላል። ከሁሉም ጠንካራው መለያየት እሱ ነው፤ ለሱ ብሎ ከኬቪኤም መሰደድ ግን ለትንሽ ቢሮ አይመከርም።

እኔ እንዴት እመርጣለሁ

ቢሮው አንድ ከሆነ፣ ቪኤሞቹ ሁሉ የራሱ ከሆኑ፣ ኔትወርኩን ቪሆስት-ኔት ላይ፣ ዲስኩን ኪውኢሙ ውስጥ እተዋለሁ። የማይፈለገውን ዲቫይስ ሁሉ እነቅላለሁ፤ ፍሎፒውንም፣ የድምፅ ካርዱንም። ይህ ነፃ ነው፣ ከብዙ ቅንብር ይልቅም ይጠቅማል። ዊንዶውስ 11 ካለ ቲፒኤም ይጠይቃል፤ ኪውኢሙ ውስጥ የቲፒኤም አስመሳይ ስለሌለ ኤስደብሊውቲፒኤም የተባለ ፕሮግራም ለብቻው ይሄዳል። ሳታውቁት አንድ ባክኤንድ ለይታችኋል ማለት ነው።

የተጋራ ፎልደር ሲያስፈልግ ቨርትአይኦኤፍኤስ እጠቀማለሁ፤ ግን ዳታቤዝ አላስቀምጥበትም። ሰነድ፣ ስካን፣ ሪፖርት ይበቃዋል።

ሰርቨሩን የማታምኗቸው ሰዎች ከተጋሩት ግን ሚዛኑ ይለወጣል። ተማሪዎች ሩት የሆኑባቸው ቪኤሞች ያሉበት ላብ ከሆነ፣ ዲስኩንም አወጣዋለሁ። ለዚያ ኪውኢሙ-ስቶሬጅ-ዲመን ይበቃኛል። ኩካውት የተባለውን የኪውኢሙ ዲስክ ፋይል ዓይነት ያነባል፣ ኮርም አይይዝም። ለእያንዳንዱ ቪኤም አንድ ዲመን (ከጀርባ የሚሄድ ፕሮግራም)፣ ለእያንዳንዱ ዲመን አንድ ተጠቃሚ። አንድ ዲመን ለሁሉም ካደረጋችሁ የለያችሁትን መልሳችሁ ቀላቀላችሁት።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ስጡት። የቪኤሙን ቅጂ አስነሱ። ውስጡ ትልቅ ፋይል እየተገለበጠ ሳለ ባክኤንዱን በኪል-9 (ፕሮሰስን በግድ በሚያጠፋው ትዕዛዝ) ግደሉት። ጌስቱ ይደርቃል ወይስ ይጠብቃል? ሲስተምዲ ባክኤንዱን በስንት ሰከንድ አስነሳው? ኪውኢሙ መልሶ ተገናኘ? ተገናኝቶ ከቀጠለ የተገለበጠውን ፋይል ቼክሰም (የይዘቱን አሻራ ቁጥር) ከዋናው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ደግሞ ሁለት ጊዜ ግደሉት፤ ሁለተኛውን ገና መልሶ እየተገናኘ ሳለ።